በሃሌታው «ሀ» የተቀደሙት መምህርት

ኮምፒውተር ፊደል የቆጠረ መሃይም ነው!

አትቆጡ፤ ስድብ ሳይሆን የሥራ ልምድ ነው። እኔ ራሴ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ስለ እሱ መልካም መልካሙን እየተናገርኩ ተማሪ እንዳስተምር ነው። እውነቱን ግን ልንገራችሁ፤ ፊደል ይቆጥራል፣ ዘመን መቁጠር ግን አይሆንለትም። ከሀ እስከ ፐ ያለውን ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ ኅዳር ከጥቅምት ቀጥሎ እንደሚመጣ ግን የነገረው የለም። ይህንንማ የእኛ ሰፈር ውሻ እንኳ በብርዱ ያውቀዋል!

«ታዲያ እኛ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል እንጂ! ዛሬ ዝውውሩ፣ ዕድገቱ፣ ጡረታው ሁሉ «ኮምፒውተር ነው ያወጣው» እየተባለ የሚለጠፍበት ዘመን ነው። ሰው ሲሳሳት ይሰደባል፤ ኮምፒውተር ሲሳሳት ይታተማል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የማስተምረው አንኮበር ነው። በየዓመቱ ወደ ደብረ ብርሃን መዛወር የሚፈልጉ መምህራን ከላይ ከደጋው፣ ከታች ከቆላው ያመለክታሉ። የሚገኘው ክፍት ቦታ ግን አንድ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይዛወራል። በቃ። ለዚህ ሕግ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው ሰልፍ ይዞ አያውቅም ማለት ነው።

ዘንድሮ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ደምሴ አስጠሩኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው።

«ስሚ ቲቸር፣ ሰው ዝርዝር ሲያወጣ ሰው ያማል። ‘ለዘመዱ አደላ’ ይባላል። ዘንድሮ ኮምፒውተር ያውጣው። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም።»

«አመልካቹ ስንት ነው?» አልኩ።

«አሥራ አራት!» አሉ፤ አሥራ አራት ሺህ በሚባልበት ድምፅ።

እንግዲህ ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ምን ይላል? «አቶ ደምሴ፣ አሥራ አራት ሰው ማስተካከል ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አይፈጅም» ይላል። የአንኮበር ሻይ ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚቀዘቅዝ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ፕሮግራም እጽፍልዎታለሁ!» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ጻፍኩ። አመልካቾቹ ቅጽ ላይ የሞሉትን የቅጥር ቀን፣ እያንዳንዱ በገዛ እጁ እንደጻፈው፣ አንዲት ነጥብ ሳላዛባ ቃል በቃል ገለበጥኩ። ሥርዓት እወዳለሁ፤ የሰው ጽሑፍ ላይ እጄን አላስገባም። ከዚያ ለኮምፒውተሩ «እነዚህ ቀኖች ናቸው፤ ቀደም ያለውን አስቀድም» አልኩት።

«የካቲት 30? እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለኝ።

በማን አገር ነው የሌለው? አንዱ መምህር የተቀጠረው የካቲት 30 ነው፤ ሰውየው አለ፣ ደመወዙም አለ፣ ቀኑ ብቻ የለም! ማሽኑ ለካ የካቲትን በፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ልክ ሰፍቶ ሃያ ስምንት ላይ ይዘጋዋል። ትንሽ ቆይቶ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ደግሞ «አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» ብሎ ጭራሽ ቆመ። እኛ የምንኮራበትን ወር እሱ እንደ ሐሰተኛ ሰነድ ውድቅ አደረገው።

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴን የሠራሁት። የእኛን አቆጣጠር ማስተማር ሲገባኝ ተናደድኩና «እሺ፣ ቀን መሆኑን ተወው። ጽሑፍ ነው ብለህ ውሰደው!» አልኩት።

ደስ እያለው ወሰደው። ከየካቲት 30 ጋር ታረቀ፣ ጳጉሜንንም አቅፎ ሳመ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ዝርዝሩን ከአንድ እስከ አሥራ አራት አሰልፎ ሰጠኝ። ሠንጠረዡ ቀጥ ያለ፣ አርዕስቱ የደመቀ፣ ተራ ቁጥሩ የተስተካከለ... ማየት ያስደስታል! አየሁት እንጂ አላነበብኩትም። አቶ ደምሴም አላነበቡትም፤ «በኮምፒውተር የተጣራ» የሚል አርዕስት አስጨምረው ሰኞ ጠዋት ለጠፉት። ቅሬታ ያለው እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያቅርብ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዞን ይሄዳል።

አንደኛ የወጣው መምህር ብሩክ ነበር። ብሩክ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ የተቀጠረው በ2012 ሲሆን ከአሥራ አራቱ ውስጥ ከእሱ በኋላ የመጣ የለም። መጨረሻ የነበረው አንደኛ ወጣ! ታዲያ ሰው ጮኸ? የለም። ሰኞ ማንም አልጮኸም። ማክሰኞም ማንም አልጮኸም። ሰው ሰሌዳው ፊት ይቆማል፣ ስሙን ይፈልጋል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ «ኮምፒውተር ነው ያወጣው» ይላል፣ ይሄዳል። ጳጉሜን የተቀጠረው የሒሳብ መምህር እንኳ አሥራ አራተኛ መሆኑን አይቶ «እንግዲህ ስሌቱ የራሱ ምስጢር ይኖረዋል» አለ። የሒሳብ መምህር! ቁጥር ያስተማረ ሰው ስሌት ምስጢር አለው ሲል ስትሰሙ ልጃችሁን ከዚያ ክፍል አስወጡ።

ብሩክን ራሱን ጠየቅሁት።

«አንተ አልገረመህም?»

«ገርሞኛል እንጂ! ግን ኮምፒውተር እኛ የማናየውን ያያል ብዬ ነው። የአካል ብቃትም ሳይቆጥርልኝ አልቀረም።»

ይህን ብሎ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ወፍራሙን ብርድ ልብሱን ለጎረቤቱ ሰጠ። ወደ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ ብሎ ብርድ ልብስ የሚያወርስ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ከቆላ ወጡ።

እትዬ አስካለ ከአሊዩ አምባ ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራሉ። የተቀጠሩት በ1999 ነው። ባለቤታቸው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ፤ ልጆቻቸውም እዚያው ናቸው። ቅዳሜ ዳገቱን ወጥተው፣ እሑድ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። በቀደም ትንሿ ልጃቸው በር ከፍታ «አባዬ፣ እንግዳ መጣ!» ብላለች። አምና ከፊታቸው የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ተዛወረ። ስለዚህ ዘንድሮ ተራው ያለ ጥርጥር የእሳቸው ነበር። የዝርዝሩን ወሬ የሰሙት ከአሊዩ አምባ ገበያ፣ የተማሪያቸው አባት ከሆኑ ነጋዴ ነው። ሰውየው ከልባቸው ተደስተው «አልሐምዱሊላህ፣ መምህርት! ዘንድሮም አልሄዱብንም፤ ዘጠነኛ ነዎት!» ብለዋቸዋል።

የእግራቸውን አቧራ ሳያራግፉ አቶ ደምሴ ቢሮ ገቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አቶ ደምሴ፣ ዘጠነኛ የሆንኩት በምን ሒሳብ ነው?»

«መምህርት አስካለ፣ እኔ እጄ የለበትም። ኮምፒውተር ነው ያወጣው።»

«ኮምፒውተሩ መቼ ተቀጠረ?»

«እ?»

«እኔ ስቀጠር አልነበረም። ማን ከማን እንደሚቀድም በምን አወቀ?»

አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። አባባሉ እንደምታውቁት ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነው፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ሞኝም ወረቀትም አንድ ላይ ሆኖ መጣ። እኔ ደግሞ የሁለቱ ጠበቃ ነበርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ፕሮግራሙ አይሳሳትም» አልኩ፤ በሕይወቴ ካልኩት ሁሉ የማፍርበት ነው። «ይምጡ፣ አብረን እንየው።»

አየነው። ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ወሩን ብቻ፣ የተደጋገመውን እየዘለልን፣ ከላይ ወደ ታች ስናነብ እንዲህ ይላል፤ ህዳር፣ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ነሐሴ... ጆሮዬ ጋለ። ይህ የዘመን ቅደም ተከተል ሳይሆን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነበር!

ላስረዳችሁ፤ እዚህ ላይ ካላስረዳሁ እታመማለሁ። ኮምፒውተር ሁለት ጽሑፍ አወዳድር ሲባል የዚህን የመጀመሪያ ፊደል ከዚያኛው የመጀመሪያ ፊደል ጋር ያስተያያል። ከተለያዩ፣ በፊደል ገበታው ላይ ፊት የተሰለፈው ይቀድማል፤ ፍርዱ እዚያው ያልቃል። የቀረውን አያነብም። ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነዋ! እዚያ ድረስ ምን ሊሠራ ይሄዳል? የሃያ ዓመት አገልግሎት ከአንድ ፊደል ወገብ በታች ቀረ። ጳጉሜን በጰ ስለሚጀምር ከሁሉም ኋላ ተጣለ፤ የሒሳቡ መምህር «ምስጢር» ይኸው ነው።

«ቆይ» አሉ እትዬ አስካለ፣ መነጽራቸውን አውጥተው። «ብሩክም ኅዳር፣ እኔም ኅዳር። እሱ አንደኛ፣ እኔ ዘጠነኛ የሆንነው ለምንድን ነው?»

ጠጋ ብለን አየን። ብሩክ ቅጹ ላይ የጻፈው «ህዳር» ብሎ ነው፤ በሃሌታው ሀ። እትዬ አስካለ ደግሞ እንደ ደንቡ «ኅዳር» ብለዋል፤ በብዙኃኑ ኀ። ሃሌታው ሀ የገበታው አንደኛ ነው። ብዙኃኑ ኀ ከበና ከተ ወዲያ፣ መሀል አገር ነው ያለው። ለእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። በጣም ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት።

«አንቺ ልጅ፣ በትክክል ስለጻፍኩ ነው የተቀጣሁት?»

«እ... እንደዚያ ማለት እንኳ...»

«ዕድሜዬን ሙሉ ‘ኅዳር በብዙኃኑ ነው፣ በሃሌታው አትጻፉ’ ስል ኖሬ፣ በሃሌታው የጻፈው ደብረ ብርሃን ይገባል?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። እኔ ግን መፍትሔ አላጣሁም፤ መረጋጋት እንጂ መፍትሔ ጠፍቶኝ አያውቅም።

«ቀላል ነው! የእርስዎንም ‘ህዳር’ ብዬ ልጻፈው፣ እኩል ትሆናላችሁ።»

«በስሜ ሥር? በሃሌታው?»

«ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ እትዬ አስካለ።»

«ስህተት ለአንድ ደቂቃም ስህተት ነው!»

ሰዓቱን አየሁት፤ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እሳቸውም አዩት። ከወዲያ ልጅ አለች፣ ከወዲህ ብዙኃኑ ኀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሴትዮዋ አላባቸው። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጻፊው። እኔ አላይም።»

ጻፍኩት። አሰለፍኩት። አንደኛ... ብሩክ። ሁለተኛ እትዬ አስካለ።

«ዞሬ ልይ?»

«ትንሽ ይቆዩ...»

ዞሩ። አዩ። ኅዳርን በሃሌታው ማየታቸው ሳያንስ ሁለተኛ ሆነው አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እኔ ኅዳር 3፣ በ1999። እሱ ኅዳር 20፣ በ2012። በቀንም በዓመትም እቀድመዋለሁ!»

«እ... ወሩ እኩል ስለሆነ ወደ ቀኑ አልፏል። 20ን ከ3 ሲያስተያይ፣ መጀመሪያ የሚያየው 2ን ነው። 2 ደግሞ ከ3 ስለሚያንስ...»

«ሃያ ከሦስት ያንሳል ነው የምትዪኝ?»

«እኔ አይደለሁም የምለው፤ እሱ ነው። ጽሑፍ ነው ስላልኩት ዜሮውን እንደ ቁጥር አያየውም።»

«ሃያ ልጅ ያላት እናት ሦስት ካላት ታንሳለች?»

«በፊደል ተራ ከሆነ... አዎ።»

«የተረገመ ነገር! ስህተቱንም ሠራሁ፣ ሁለተኛም ወጣሁ!» ብለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

ከማፈሬ የተነሳ ማስተማር ጀመርኩ፤ የምታፍር አስተማሪ ሌላ መጠለያ የላትም። ነጩ ሰሌዳ ላይ ወጣሁ። «ትክክለኛው መንገድ ይኸውና!» አልኩ። «ቀን በጽሑፍ ከተሰጠ፣ ትልቁ መቅደም አለበት። መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ መጨረሻ ቀኑ። ወሩም በስም ሳይሆን በቁጥር፤ ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው። ባለ አንድ አሃዙ ሁሉ ከፊቱ ዜሮ ይጨመርለታል። ስለዚህ የእርስዎ 1999፣ 03፣ 03፤ የብሩክ 2012፣ 03፣ 20። አሁን በፊደል ተራም ቢወዳደር 1 ከ2 ስለሚቀድም...»

ለሃያ ደቂቃ ያህል ገለጽኩ። ጳጉሜን 13 እንደምትሆን፣ ዜሮዋ ለምን እንደምታስፈልግ፣ ይህን መጀመሪያውኑ ባደርገው ኖሮ... አቶ ደምሴ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ነበር። ዘወር ስል እትዬ አስካለ የቅጻቸውን ጀርባ ገልብጠው በእርሳስ ይጽፋሉ። የምናገረውን የሚይዙ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ማስታወሻ እየያዙ ነው?»

«አይ። ጨረስኩት።»

«ምኑን?»

«ዝርዝሩን።»

አሥራ አራቱንም ሰው፣ ከነቅጥር ቀናቸው፣ በተራቸው አስቀምጠዋቸዋል። የማንንም ቅጽ አላዩም።

«በቃልዎ ነው?» አልኩ።

«ይሄን ሰልፍ በቃሌ የማላውቅ መሰለሽ? በየዓመቱ ማን ከፊቴ እንደቀረ እየቆጠርኩ አይደል የኖርኩት? ከፊቴ አንድ ሰው በተዛወረ ቁጥር ለልጆቼ ‘አንድ ቀነሰ’ እላቸው ነበር።»

አቶ ደምሴም እንኳ አገጫቸውን አነሱ። ተነስተው የግል ማኅደሮቹን ከመደርደሪያው አወረዱ፤ አንድ በአንድ አመሳከርን። የየካቲት 30ው ሰውዬ በቦታው፣ የጳጉሜኑ የሒሳብ መምህር ሦስተኛ፣ ብሩክ አሥራ አራተኛ፣ እትዬ አስካለ አንደኛ። ካሰለፏቸው ሰዎች አንድ እንኳ አልተዛነፈም። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል።

«እንግዲህ ይፈርሙበታ» አልኩ።

አቶ ደምሴ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት።

«ይሄማ በእርሳስ ነው! ዞን ይሄን አይቀበልም። የለጠፍነው ‘በኮምፒውተር የተጣራ’ ብለን ነው። ኮምፒውተር ያወጣውን የሚሽረው ኮምፒውተር ያወጣው ብቻ ነው።»

«አቶ ደምሴ፣ ማኅደሩን አሁን በዓይንዎ አመሳክረው...»

«እኔ ሰው ነኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ።»

ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ከተናገሩት ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነበር፤ የተናገሩት ግን ላለመሥራት ነው። ፕሮግራሙን በዚያ ግማሽ ሰዓት ላስተካክለው አልኩ፤ እትዬ አስካለ በዓይናቸው ብቻ ከለከሉኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የእርሳሱን ጽሑፍ በጣቴ ለቀምኩት። ፕሮግራም የለ፣ ማወዳደር የለ፤ እንደ ጸሐፊ ብቻ። ሠንጠረዡን ቀጥ፣ አርዕስቱን ደመቅ አደረግሁ። ኅዳርንም በብዙኃኑ ጻፍኩ፤ እትዬ አስካለ ከትከሻዬ በላይ ሆነው እያንዳንዷን ፊደል ሲጠብቁ ሌላ ምን ልጽፍ?

አትሜ ሰጠኋቸው። አቶ ደምሴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። ፊታቸው በራ።

«እዩት! እዩት እንግዲህ! ይሄ ነው ቴክኖሎጂ! በእርሳስ ከተሞነጫጨረው ጋር ይወዳደራል? ተሳስቶ እንኳ ራሱን በራሱ ያርማል! ሰው ቢሆን መቼ ስህተቱን ያምን ነበር?» አሉና ማኅተሙን ቀለም ላይ አሹት።

የማስረዳት አመሌ ተነሳ። «አቶ ደምሴ፣ ራሱን አላረመም! ነገሩ እኮ እንዲህ ነው፤ ሁለት ጽሑፎች ሲወዳደሩ፣ መጀመሪያ...»

የጫማዬ አፍንጫ ላይ አንድ የቆላ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ተረከዝ በሙሉ ክብደቱ ዐረፈ።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ለአቶ ደምሴ ፈገግ እያሉ፣ በጥርሳቸው መሀል፤ «ማኅተሙ እስኪያርፍ አፍሽን ያዢ!»

ያዝኩ። ማኅተሙ ዐረፈ፣ ደብዳቤው ወጣ፣ እሳቸው ደብረ ብርሃን ገቡ። ጫማዬም ተሰፋ። እንግዲህ ያላስረዳሁትን ለእናንተ ተነፈስኩ፤ ለአቶ ደምሴ ግን አደራ!